ለግራንድ ባራ የሚጫኑ ዘፈኖች

ኮምፒውተራችን መሞት የጀመረው በሰኔ ነው። ጅቡቲ ውስጥ በሰኔ የማይታመም ነገር የለም፤ ማቀዝቀዣው ይታመማል፣ ሰው ይታመማል፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ያቃስታል። ኮምፒውተሩን ግን እንደ ሰው ነበር የማስታምመው። ጎኑን ከፍቼ ቬንትሌተር ደቅኜበት፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር "አይዞህ" እያልኩ አስነሳዋለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል።

"ለእኔ እንዲህ አዝነሽ ታውቂያለሽ?" ይለኛል።

አላውቅም። የሱ ጎን ተከፍቶ አያውቅማ።

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የምንኖርበት ቤት የፊት ክፍሉ ሱቅ ነው። ውሃና ብስኩት እሸጣለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን ለኢትዮጵያ የከባድ መኪና ሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ወደቡ ላይ ተራ እየጠበቁ ሳሉ ብቅ ይሉና "እስቲ ስንቄን ቋጥሪልኝ" ይሉኛል።

ሥራው ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። የነዚህ መኪኖች ማጫወቻ አብዛኛው አሮጌ ነው፤ የዘፈን ስም አይለይም፣ ፊደል አይቆጥርም። ፍላሹ ላይ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ያጫውታል፣ በቃ። ስለዚህ ዘፈኖቹን የምጭነው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ገብቶ እስኪያልቅ እጠብቅና ሌላውን አስከትላለሁ። ተራው ደግሞ የመንገዱ ተራ ነው። ከከተማ እንደወጡ የሰው ልብ ገና እቤቱ ስለሆነ ትንሽ ትካዜ አይጎዳም። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ስለሚጮህ ክራር አይሰማም፤ ከበሮ ያለበት ይሻላል። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሬ ላይ የዘፋኝ ስም ብትፈልጉ አታገኙም ነበር። ዘፈኖቹ የተቀመጡት በቦታ ስም ነው፦ ዊኣ፣ ግራንድ ባራ፣ ዲኪል፣ ጋላፊ፣ እያለ እስከ ሞጆ ይሄዳል።

ከሁሉም የምጠነቀቀው ለግራንድ ባራ ነው። ከከተማው የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ያለ ደረቅ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ኩርባ የለው፣ አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እዚያ ጠላቱ እንቅልፍ ነው። ከነዚሁ ሾፌሮች አንዱ የሆነው ባለቤቴ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያ አንቀላፋ። ሲነቃ ከፊቱ አስፋልት አልነበረም፤ መኪናው መንገዱን ትቶ በሜዳው ላይ እየጋለበ፣ ኋላው አቧራ ሆኖ፣ እሱ መሪውን እንደያዘ ነበር። በዚያ ሰዓት ከፊት የሚመጣ መኪና ስላልነበረ ዛሬ በቀልድ ያወራዋል። እኔ አልቀልድበትም። ሌሎቹ ጫት ቅመው ይነቃሉ፤ እሱን ጫት ጨጓራውን ያቃጥለዋል። እንግዲህ የሱ ጫት እኔ የምጭንለት ዘፈን ነው። ለዚያ ሜዳ የሠርግ ዘፈን፣ ትከሻ የሚያነቀንቅ እስክስታ፣ ደግሞም ግጥሙን አሳስቶ አብሮ የሚዘፍነው አንድ የሶማሊኛ ዘፈን አለው።

ሰውዬው ሲፈጥረው እንቅልፋም ነው። ጠዋት እሱን መቀስቀስ ራሱን የቻለ የጉልበት ሥራ ነው። አንድ ቀን የተኛ መስሎ ስጮህበት በስልኩ ቀርጾኝ፣ ለምሳ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ አሰማቸው። "አንተ! ተነስ እንጂ! ፀሐይ አናትህ ላይ ወጥታለች!" የሚል የእኔ ጩኸት፣ የድስት መንኳኳት፣ መጨረሻ ላይ የሱ የተጎተተ "እሺ፣ ተነሳሁ"። እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አኮረፍኩና አጥፍቼዋለሁ ብሎ እስኪምል ድረስ አላናገርኩትም።

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። ጎረቤታችን የስልክና የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ጅቡቲያዊ። አማርኛን የተማረው ከሾፌሮች ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው፤ ስድብ መሆኑን ግን አያውቅም። ኮምፒውተሩን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"ማዳም፣ ይሄ ፊኒ ነው። ዛሬ ነገ ይሞታል። ዘፈኑን ወደ ሃርድ ዲስክ አውጪ፣ ወደ ስልክሽም ገልብጪ።"

"ያ ሁሉ ዘፈን? አንድ በአንድ ስንት ቀን ሊፈጅ ነው?"

"አንቺ ደደብ" አለኝ በፍቅር፣ "ምን አንድ በአንድ? ሁሉንም ምረጪ፣ ኮፒ፣ አለቀ። ሻይሽን ሳትጨርሺ።"

እውነቱን ነው። የዓመታት ልፋቴ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ወደ ሃርድ ዲስኩ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ስልኬ። ኮምፒውተሩ ይህን ካደረገ በኋላ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ አደራውን አስረክቦ እንደሚሞት ሰው። ላለቅስ ይገባኝ ነበር፤ ፍጥነቱ ግን አስክሮኝ ነበር። ከጎረቤቴ አንድ ላፕቶፕ ተዋስኩ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ወደቡ ላይ መኪናውን አስጭኖ መጣ። መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ይነፋል፤ ፖሊሱ ደግሞ በእሱ ላይ ፊሽካ ይነፋል። በየጉዞው ፍላሹን አጥፍቼ እንደ አዲስ ነው የምሞላለት። ያን ቀን ግን ሁሉንም መረጥኩ፣ ኮፒ፣ አለቀ። ሮጬ ሄጄ በመስኮት አቀበልኩት።

"ሞክረሽዋል?" አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ማጫወቻ አለኝ፤ እሱ ላይ ሳልሞክር ለማንም አልሰጥም።

"ሳልሞክር ሰጥቼህ አውቃለሁ?" አልኩት። ውሸቴን ነበር። እጁን አውለብልቦ ሄደ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር መጡ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሳቸውንም ፍላሽ በዚያው አዲስ ፍጥነት ሞላሁና፣ አሁን ጊዜ ስላለኝ ማጫወቻው ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ የሞጆ ዘፈን መጣ። ቀጥሎ የጋላፊ። ቀጥሎ ደግሞ የሕፃናት መዝሙር። ጋሼ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሁሉንም ባንዴ ስገለብጠው ላፕቶፑ እንደፈለገው ነበር ያስገባው፤ ተራዬ የለም።

ወደፊት እያሳለፍኩ ማዳመጥ ጀመርኩ። የባለቤቴም ፍላሽ ከዚሁ ሃርድ ዲስክ በዚሁ አኳኋን የተሞላ ስለሆነ የሚዘፍነው ይሄንኑ ነው። ደቂቃዎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ሁለተኛው ሰዓት አካባቢ ስደርስ መቁጠሬን አቆምኩ። እዚያ የተደረደሩት ባለቤቴ እቤት ሲሆን ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ የሚሰማቸው ቀስ ያሉ ዘፈኖች ነበሩ። ለብቻቸው አስቀምጫቸው ነበር፤ ለመንገድ አይደሉም። ሦስተኛውን ሰምቶ የጨረሰበትን ቀን አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ ያንኮራፋል፤ እኔም ያኔ አጠፋዋለሁ። አሁን ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ መኪናውም ግራንድ ባራ ሊገባ ነው።

ደወልኩ። አያነሳም። እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ ይሄን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የረገምኩት ሕግ የለም። ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ።

"ሰ ፓ ግራቭ፣ ዋላል፣ ምንም አይሆንም እህቴ" አለኝ።

"ግራቭ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት። "ሻይሽን ሳትጨርሺ ያልከኝ አንተ ነህ!"

ጋሼ ለሚያውቋቸው ሾፌሮች መደወል ያዙ፤ በዚያ መስመር ላይ ያለ አንድም ሰው አላነሳም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ ለራሳቸው። ሊወቅሱኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወጋኝ። ፈራሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ማጫወቻው ሦስተኛውን ቀስ ያለ ዘፈን መጫወት ሲጀምር መስማት አልቻልኩምና ፍላሹን ነቀልኩት።

ሃያ ጊዜ ከደወልኩ በኋላ እሱ ራሱ ደወለ።

"ሄሎ። ዲኪል ነኝ፤ ሻይ ይዣለሁ። ምን ሆነሽ ነው?"

ዲኪል ከግራንድ ባራ ወዲያ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ደህና ነህ? ተራው ተበላሽቷል፣ የእንቅልፍህን ዘፈኖች…"

"አውቃለሁ" አለ። "ስሚ፣ ያን ጩኸትሽን አጥፍቼዋለሁ ብዬ ምዬልሽ አልነበር?"

"የቱን ጩኸት?"

"ተነስ የምትይውን። አላጠፋሁትም። በስም ፈንታ ቁጥር ሰጥቼ ኮምፒውተርሽ ላይ ከእንቅልፍ ዘፈኖቼ መሃል ደብቄው ነበር።"

ከዚያ ነገረኝ። ሦስተኛው ዘፈን አልቆ ነበር። ዓይኔን ጨፍኛለሁ ብሎ አላሰበም፤ እንዲያውም መንገዱን እያየሁ ነው ይላል። በድንገት ጋቢናው ውስጥ "አንተ! ተነስ እንጂ!" የሚል ድምፅ ጮኸበት። እሱም ከልማዱ "እሺ፣ ተነሳሁ!" ብሎ መልሶ ጮኸ። ዓይኑን ሲከፍት የግራ ጎማው መስመሩን አልፎ ነበር፤ ከፊት ለፊት ደግሞ አንድ የነዳጅ ቦቴ ይመጣል።

"ሩቅ ነበር?" አልኩት።

"ሩቅ ነበር" አለኝ። ቶሎ ብሎ ስለመለሰ ሩቅ እንዳልነበረ አወቅኩ።

አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሰደብኩት። ስላላጠፋው ሰደብኩት፣ በሐሰት ስለማለ ሰደብኩት፣ ሻይ ቤቱ ሆኖ ስለሚስቅ ሰደብኩት። ሳልሞክር መስጠቴንም ነገርኩት። "የሆነው ሆኗል፤ አሁን ሂጂና የጋሼን ፍላሽ አስተካክይ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጋሼ የሆነውን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው "ሳይደግስ አይጣላም" አሉ። ጎረቤቴም ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልኝና አንድ አዲስ የተማረውን ስድብ በሐዘኔታ ሰነዘረልኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያፈሰስኩትን ስለቅም ነበር፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ ስልኬ ላይ፣ በኋላ የገዛሁት ታብሌት ላይ፣ ሁሉንም ዘፈን እንደገና በየቦታው ስም ከነተራው አስቀመጥኩ። ተራው ሲጠፋኝ ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። ለካ በቃላቸው ይዘውታል! "ይሄ የጋላፊ ኬላ ነው" ይላሉ፣ "ይሄ ሲያልቅ እኮ ሚሌ ገብቻለሁ።" የእኔ ቤተ መጻሕፍት በነሱም ጭንቅላት ውስጥ ተገልብጦ ኖሯል።

ጩኸቴ ግን ከእጄ ወጥቷል። ባለቤቴ አፉ አያርፍምና ወሬው መስመሩን አዳርሷል። "ያቺን የምትቆጣዋን ጫኚልኝ" ብለው የሚመጡ አሉ። የራሳችሁ ሚስት ትቆጣችሁ ብዬ እመልሳቸዋለሁ። አንዱ እውነት መስሎት ሞጆ ያለች ሚስቱን በስልክ አስቀርጾ አመጣ፤ ስሰማው ከእኔ ትብሳለች።

የድሮው ቅጂ ድስት ስለሚንኳኳበት ጥርት ያለ አዲስ ልቅረጽለት ብዬ አንድ ቀን ብቻዬን ስልኬ ፊት ተቀመጥኩ። "ተነስ" አልኩ። ያ የነዳጅ ቦቴ ዓይኔ ላይ መጣብኝና ድምፄ ልመና ሆኖ ወጣ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ያው ልመና ነው። ባለቤቴ ሰምቶት ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄማ ሕፃን ያስተኛል። የድሮዋን ተይልኝ።"

ተውኩለት። አሁን ለግራንድ ባራ የሚጫነው የሠርጉ ዘፈን፣ ቀጥሎ እስክስታው፣ ቀጥሎ የእኔ ጩኸት፣ ከዚያ የሶማሊኛው ዘፈን ነው። ከመሄዱ በፊት ጥሩምባውን የፈለገውን ያህል ቢነፋ ፍላሹን ማጫወቻው ላይ ሰክቼ እዚያ ድረስ እሰማለሁ። ጩኸቴ ያልፋል፣ ድስቱ ይንኳኳል። መጨረሻ ላይ በዚያ በተጎተተ ድምፁ "እሺ፣ ተነሳሁ" እስኪል ድረስ ፍላሹን አልነቅልም።