መካኒኩ የት ገባ

ባለቤቴ የሥዕል መምህር ነበር። እኔ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ ወጣሁ። ሁለታችንም ቤት ከዋልን በኋላ፣ እዚሁ አሶሳ፣ አንድ የሥዕል ታሪክ ሠራን፤ ወጣቶቹ ኮሚክ ይሉታል። ታሪኩ የሰፈራ ታሪክ ነው፤ ሰፈራው ግን በምድር ላይ አይደለም። ዝናብ የከዳው የአንድ ወረዳ ሕዝብ በመንኮራኩር ተጭኖ ሁለት ፀሐይ ወዳላት ፕላኔት ይሄዳል። ቤት ተሠርቶ ይጠብቃችኋል ተብለዋል። ሲደርሱ የሚያገኙት ከሰው ቁመት የበለጠ ሣር ነው። በሣሩ መሐል ደግሞ ድሮም እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ቆመው ያዩአቸዋል።

ይህን ለመፍጠር ብዙ አልተቸገርኩም። እኔ ራሴ ከወሎ ወደዚህ የመጣሁት በጭነት መኪና ነው።

ታሪኩ የእኔ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም ነበር። ሽፋኑ ላይ የነበረው የእሱ ስም ብቻ ነው። የሁለታችንም ስም እንዲወጣ ፈልጎ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ታይፒስት በጻፈችው ላይ አትፈርምም።

አሠራራችን ቀላል ነበር። እኔ ምስር እየለቀምኩ ወይም ልብስ እየጣፍኩ አወራለታለሁ፤ እሱ ይስላል። ወረቀት ላይ የሚሰፍር ጽሑፍ አልነበረም። ገጹን ጨርሶ ሲሰጠኝ በሰዎቹ አፍ አጠገብ ያለውን ንግግር አነብና የተሳሳተ ፊደል ካለ አርማለሁ። ሥዕሉን እምብዛም አላየሁትም። ያየሁት ግን ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ ወጣ። ቆይቶ አንድ ሰው በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ ፓዌም ድባጤም ተነበበ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንባቢዎች ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ እየተሰበሰቡ ይከራከሩበት ጀመር። እኔ እዚያው ጥግ ላይ አንዲት ወንበር አለችኝ፤ ለሰው ማመልከቻ ፊደል አርማለሁ። ባለቤቴ እቤት ሆኖ ምን አሉ ብሎ ይጠይቀኛል። የሰማሁትን እነግረዋለሁ።

ክፍል ሁለትን ሳንጀምር ታመመ። ሕመሙ አልረዘመም። በጥቅምት ቀበርነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም ነበርና ቀዩ ጭቃ የቀባሪውን ጫማ ሁሉ ያዘ።

ለቅሶ ከደረሱት መካከል አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች። የበርታ ልጅ ናት፤ ባለቤቴ ሥዕል አስተምሯታል፤ አሁን ሆሞሻ ታስተምራለች። ሰው ሲቀል ወደ እኔ ጠጋ አለች። «አንቱ» ማለት አይቀናትም፤ እኔንም አይከፋኝም።

«ተማሪዎቼ ይጠይቃሉ» አለችኝ። «ክፍል ሁለት መቼ ነው ይላሉ። መምህር ትቶ የሄደ ነገር አለ?»

የለም ማለት ነበረብኝ። አለ አልኳት።

ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ የገዛኋት የጽሕፈት መኪና ነበረችኝ። ከአርባው በኋላ ጠዋት ጠዋት ተቀምጬ ክፍል ሁለትን ጻፍኩ። ሳልጽፍ የቀረሁበት ቀን የለም፤ ስጽፍም ያለቀስኩበት ቀን የለም። እንደ ቢሮ ሥራ ነበር። ሲያልቅ ወረቀቱንና የባለቤቴን የቀለም እስክሪብቶዎች በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ፣ እንድትስለው ብዬ ለወጣቷ መምህርት ሰጠኋት። ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ነገርኳት፤ ለማንም እንዳትናገርም አደራ አልኳት።

«ወላሂ አልናገርም» አለች።

ክፍል ሁለት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት በረንዳው ሞልቶ ነበር። ልጅቱም ከሆሞሻ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። ሁልጊዜ ክርክሩን የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ። ነርሷ ሁለቱን ክፍሎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«እስኪ መጀመሪያ ሥዕሉን እናውራ» አለች።

«ምን ይወራል» አለ ባጃጅ ነጂው። «አንዱ ገበያ ነው፤ አንዱ የገበያ ማግስት።»

«ማጋነን ትወዳለህ። የእሷን መስመር እየው፤ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። የመምህሩ መንኮራኩር እኮ ጣሳ ነው የሚመስለው።»

«ጣሳም ቢሆን ሰው ተሳፍሮበታል። የዚችኛዋ መንኮራኩር ባዶዋን ነው የምትሄድ። እኔ በባጃጅ እንኳ ባዶዬን አልሄድም።»

«አንተማ ትራፊክ ካላየህ አምስት ትጭናለህ።»

ሳቁ። ልጅቱም ፈገግ አለች። ከዚያ ነርሷ ስለ ታሪኩ አነሣች፤ መምህሩ ክፍል ሁለትን ሲጽፉ ታመው ሳይሆን አይቀርም አለች። «ቃሉ ትክክል ነው፤ ግን ይበርዳል። ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት እንደ ቢሮ ደብዳቤ ነው።» እኔ የአንድ ሰው ማመልከቻ ላይ «ለሚመለከተው» የሚለውን እያረምኩ ነበር። ማረሜን ቀጠልኩ።

«ፍየሏስ?» አለ ባጃጅ ነጂው። «ፍየሏ እንኳ የለችም።»

«የምን ፍየል?» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ በረንዳ ላይ ስለ ታሪኩ ቃል ስተነፍስ የመጀመሪያዬ ነው።

«እማማ» አለ ባጃጅ ነጂው፣ «የመምህሩ ባለቤት ሆነው ፍየሏን አያውቋትም?»

የመጀመሪያውን ክፍል አምጥቶ እያንዳንዱን ገጽ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር። አንዲት ትንሽ ጥቁር ፍየል አለች። አንድ ገጽ ላይ ከመሰላሉ ሥር፣ አንድ ገጽ ላይ የመንኮራኩሩ ጣሪያ ላይ ቆማ። ሌላው ላይ መዝጋቢው ሹም የሰው ስም ዝርዝር ይዞ ሲጣራ፣ እሷ ከኋላው ሆና የወረቀቱን ጫፍ ትበላለች። አንባቢዎች ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ እየፈለጉ ይጫወቱባት ነበር። እኔ ብቻ አላየኋትም።

ጥቁር ፍየል ነበረችን። ከወሎ ስንጫን ከብት ይዞ መውጣት ተከልክሎ ነበርና እናቴ ግልገሏን በነጠላዋ ሸፍና መኪናው ላይ አወጣቻት። ሁለተኛው ማደሪያ ላይ ጮኸችና ወሰዷት። ይህንን ለባለቤቴ በተዋወቅንበት ዓመት አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እሱም ሌላ ጊዜ አንሥቶብኝ አያውቅም።

መጽሐፉን ለባጃጅ ነጂው መለስኩለት።

«ይሁን፣ ፍየሏ ትቅር» አለች ነርሷ። «መካኒኩ ግን የት ገባ?»

መካኒኩ ታሪኩ ውስጥ ያለችው የጉድጓድ ቆፋሪ ባል ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሞተሩ በቆመ ቁጥር እየተሳደበ የሚያስነሣው፣ ሰው የሚወደው እሱ ነው። በክፍል ሁለት የለም። አልሞተም፤ አልሄደም፤ ስሙን የሚጠራም የለም። ሚስቱ ጉድጓዷን ትቆፍራለች።

«መሳል አቅቷት ነው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ጢም ያለው ፊት ይከብዳል።»

«ወይ ረስታዋለች» አለ ባጃጅ ነጂው። ዞር ብሎ አያት። «ረሳሽው አይደል፣ እኅቴ? እውነቱን ንገሪን፤ አንማታሽም።»

«ወረቀት ላይ የሌለ ነገር አልሳልኩም» አለች ልጅቱ።

«እሺ፣ መምህሩ ናቸው የራሳቸውን ሰው የረሱት?»

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። እኔን አላየችኝም። ወደ እኔ አንድ ጊዜ ቀና ብትል ምናልባት እናገር ነበር፤ አላውቅም። ለእሷ ስትከራከር የዋለችው ነርስ እንኳ በዚህ ላይ ፊቷን ለወጠች። «መምህሩ ጽፈውልሽ አንቺ ካስቀረሽው ትልቅ ጥፋት ነው» አለች። «የሟች ሥራ ነው።»

ልጅቱ ተነሣች። የብስኩት ቆርቆሮውን ከቦርሳዋ አውጥታ እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ሦስተኛውን ሌላ ሰው ይሳል» አለች። የሆሞሻ መኪና እንዳያመልጣት ብላ ሄደች። እኔ ማመልከቻውን ለባለጉዳዩ ሰጠሁ።

ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትኩ። ፍየሏ የሌለችበት ገጽ የለም። ከፍየሏ ሌላ እኔ ያላወራኋቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ ፀጉሯን የምትሠራ ሴት፣ ጫማውን የሚያራግፍ ሽማግሌ፣ በቀርከሃ ዘንግ ዶሮ የተሸከመ ነጋዴ። እኔ ያልኩት «ሰዎቹ ወረዱ» ነው። ለልጅቱም የጻፍኩላት «ሰዎቹ ተሰበሰቡ» ብቻ ነው። እሷ የተጻፈላትን ሠርታለች። ባዶውን ያወረስኳት እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ሰነበተ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ አልመጣችም። ሰዎቹ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ጠብቄ፣ ጸጥ ሲሉ ተናገርኩ።

«ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ባጃጅ ነጂው የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ «የቱን?» አለ።

«ሁለቱንም። መካኒኩን ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። እሷ የሰጠኋትን ነው የሳለችው። እንዳትናገር አደራ ብያት ነበር።»

ነርሷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ለምን አስቀሩት፣ እማማ?»

«የሚናገረው አልመጣልኝም።»

«ታዲያ ይሙታ» አለ ባጃጅ ነጂው። ነርሷ በክርኗ ጎሰመችው። «መጽሐፉ ላይ ማለቴ ነው እኮ» አለ።

«ገብቶኛል» አልኩት። «እሱም ይሆናል።»

ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን ይዤ ወደ ሆሞሻ ተሳፈርኩ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር አገኘኋት፤ ደብተር ታርማለች። በረንዳው ላይ ያልኩትን ነገርኳት። ቅዳሜውኑ ነርሷ ደውላ ይቅርታ ጠይቃታለች፤ ይህን ከነርሷ መስማቴን ግን ልጅቱ አታውቅም።

«አንቺ ግን ለምን ዝም አልሽ? እዚያው ነበርሽ» አለችኝ።

«ልማዴ ነው።»

ጥሩ መልስ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ደብተሩን ስታርም ቆየች። ሲያበቃ ቆርቆሮውን ከፍታ እስክሪብቶዎቹን ቆጠረች።

«ሦስተኛው ወረቀቱ የታለ?»

«አልጻፍኩትም። አወራልሻለሁ። አንቺ ትስያለሽ።»

«አማርኛ ሁሉ አይገባኝም።»

«ያልገባሽን ጠይቂኝ።»

መካኒኩ የሞተው ክፍል ሁለት ከመጀመሩ በፊት ነው አልኳት። ሚስቱ ለማንም አልተናገረችም፤ ሥራዋን ትሠራ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ወደ ቀብሩ ይመለሳል። ሣሩን አጭደው ይቆፍራሉ፤ የምትቆፍረው እሷ ናት፤ ሥራዋ ስለሆነ። ልጅቱ በእርሳስ እየነካካች ታዳምጠኛለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ፊቱ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«የማን?»

«የሞተው ሰው። እኛ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ እናዞራለን። እናንተስ?»

«እኛ ወደ ምሥራቅ ነው።»

«እዚያ ሁለት ፀሐይ አለ። አንዱ እዚህ ይወጣል፣ አንዱ እዚያ ይወጣል። የትኛው ነው ምሥራቅ?»

ይህን ያህል ገጽ ጽፌ አስቤው አላውቅም። ባለቤቴ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ ዝም ብሎ የራሱን ያስገባል። እሷ ትጠይቃለች። ክፍል ሁለትን ስሰጣት ጥያቄዋን እንደ ጉድለት ቆጥሬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ሥሪ ብያት ነበር። ያንን አስታወስኩ። ተማሪዎች ለዕረፍት ወጥተው እየጮኹ በአጠገባችን አለፉ።

«አላውቅም» አልኳት።

«ሁሉም ከምድር ነው የመጡት» አለች። «ቂብላም ያንቺ ምሥራቅም ምድር ላይ ነው። ምድር ሰማይ ላይ የምትታይበት ቦታ አለ? ወደዚያ እናዙረው።»

«አለ» አልኳት። «በሣሩ ጫፍ በኩል ናት።»

ሳለችው። ቀባሪዎቹን ከጀርባቸው ነው የሳለቻቸው፤ ብዙ ናቸው፤ ድሮም እዚያ የሚኖሩት ሰዎችም አብረው ቆመዋል። ያንን እኔ አልነገርኳትም። ለመነሣት ስዘጋጅ «ፍየሏን ላስገባ?» አለችኝ።

«ፍየሏ የእሱ ናት። ተያት።»

እሺ አለች።

ክፍል ሦስት ዘንድሮ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ፤ የልጅቱ ከላይ፣ የእኔ በትንሽ ፊደል ከሥር ነው። በረንዳው ላይ ሦስቱንም ዘርግተው እንደ ልማዳቸው ይከራከራሉ። ነርሷ ሥዕሉ መምህሩን በለጠ ትላለች። ባጃጅ ነጂው ታሪኩ ተመለሰ፣ ሥዕሉ ግን ገና ነው ይላል፤ ሴትዮዋ ባሏን ስትቀብር የተናገረችው ስላነሰውም ቅር ብሎታል። «አንድ ቃል ትበል እንጂ፣ እማማ፤ ባሏ እኮ ነው» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የቀብሩን ገጽ ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ከቀባሪዎቹ እግር መሐል አንዲት ጥቁር ነገር አለች። ባጃጅ ነጂው ፍየሏ ናት አለ፤ ነርሷ ድንጋይ ነው አለች። ልጅቱን ቢጠይቋት እማማን ጠይቁ ብላቸዋለች።

«እርስዎ ይፍረዱን» አሉ።

መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ አልኳቸው። መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።