ከአጥር ማዶ የቀሩት ዶሮዎቼ

አንዳንድ ጠዋት ዲላ መናኸሪያ በር ላይ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ሞልተው የሚሸጡ ሰዎች ይቆማሉ። የካርቶኑ ጎን ተበሳስቶ በየቀዳዳው ትንንሽ ምንቃር ብቅ እያለ ይመለሳል፣ ጩኸታቸውም የመኪናውን ጥሩንባ አልፎ ጆሮዬ ውስጥ ይሰካል። ሌላው ሰው ደስ ብሎት ቆም ይላል፣ ልጁን አቅፎ ያሳያል። እኔ ግን ያንን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ፣ የአንዲት ሴት ፊትም ይመጣብኛል። ያቺ ሴት የልጅነት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናት።

ቤታችን ከዲላ ወዲያ ጨለለቅቱ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከኋላው እንሰትና ቡና ያለው የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራ ነበር፣ እናቴ በገበያ ቀን ቆጮ ይዛ ወጥታ ትውል ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ እገባ ነበር፣ የሰፈር ልጆችም «ዱዳዋ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ከወርቃ ስትመጣ ዘጠኝ እንቁላል በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች።

«እንዳትበዪው ብርቄ፣ አስታቅፊው» አለችኝ።

ዶሮ አልነበረንም። እትዬ አስካለ ግን መታቀፍ ያማራት ቀይ ዶሮ ነበራት። በሰፈራችን እናት ዶሮ ያዋሰ ሰው ከሚፈለፈሉት ሁለት ጫጩት ይወስዳል፣ የቀረው የባለ እንቁላሉ ነው። እናቴ ሄዳ ለመነቻት፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ሰማሁ። «ሁለት ለኔ» አለች እትዬ አስካለ። «እሺ፣ ሁለት» አለች እናቴ። ከሦስታችን በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

በዚያ ጥቅምት ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። እናቴ ሰፊ ገል ላይ ገለባ አነጠፈች፣ ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሽ ብላ ከሥሩ ከሰል ሸጎጠች፣ ዘጠኙን እንቁላል ደርድራ ዶሮዋን አስቀመጠችበት። እኔ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከዚያ ጥግ አልጠፋሁም። ሦስቱ እንቁላል ተበላሸ፣ ስድስቱ ተፈለፈለ። አምስቱ በአንድ ቀን ሲወጡ ስድስተኛው ቅርፊቱን ጫር ጫር እያደረገ አንድ ቀን ሙሉ አዘገየን፣ እናቴም ልትጥለው ስትል ለምኜ አስተውኳት፣ በማግስቱም እርጥብ ሆኖ ወጣ።

ቡና ለቀማው ሲደርስ ትልልቆቹ ሁሉ ማሳ ይውሉ ነበር፣ እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ከጫጩቶቹ ጋር እቀር ነበር። ያን ጊዜ ነው ጠባያቸውን አንድ በአንድ የለየሁት። አንዱ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣና ሌሎቹን እየዞረ ይጮህባቸው ነበር፣ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ እንደሚያጣድፍ ሰው ስለሚሆንብኝ ረዳት አልኩት። አንዷ ጭቃ አትረግጥም ነበር፣ ዞራ ዞራ ደረቁን ትፈልግ ነበር፣ እሷን እመቤት አልኳት። ያቺ ዘግይታ የወጣችው ሁልጊዜ መጨረሻ ስለምትደርስ ቁራሽ ደርሷት አያውቅም ነበር፣ ለእሷ በእጄ ደብቄ አስቀርላት ነበር፣ ስሟም ዘግይታ ሆነ። አራተኛዋ ጉርሻ ነበረች። ጉርሻ ሰው አትፈራም፣ ጭኔ ላይ ወጥታ ከከንፈሬ ላይ ፍርፋሪ ትለቅም ነበር፣ ስትጠግብ አንገቷን ብብቴ ውስጥ ከትታ ትተኛ ነበር። ለማንም የማላወራውን ለእሷ አወራት ነበር። የቀሩትን ሁለቱን ስም አላወጣሁላቸውም፣ የእትዬ አስካለ ድርሻ መሆናቸውን አውቅ ነበር።

የምጠራቸው በፉጨት ነበር። የማጠቢያ ጣቢያው ሠራተኞች ቡናውን በውሃ ሲያሹ ሲያፏጩ ሰምቼ ምላሴን ከጥርሴ አጣብቄ ቀጭን ፉጨት ተምሬ ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ ሰምታኝ «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ? ምን ጉድ ነው!» ብላ ስለቆጣችኝ፣ ከዚያ በኋላ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ ብቻ አፏጭ ነበር፣ አራቱም ከየትም ቢሆኑ እየበረሩ ይመጡ ነበር።

ታኅሣሥ ሲያልቅ እናት ዶሮዋ ልጆቿን እየነቆረች ማባረር ጀመረች፣ እትዬ አስካለም መጥታ ዶሮዋንና ሁለቱን ጫጩቶች ወሰደች። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱንም ጭልፊት ወሰዳቸው። እናቴ ይህን ስትሰማ «የኛዎቹ እግር ላይ ክር እሰሪ፣ በኋላ ነገር ይመጣል» አለችኝ። አሰርኩ። ግን ጉርሻ ክሩን እየነቆረች ስታነክስ አይቼ አንጀቴ ስላልቻለ የሁሉንም ፈታሁላቸው፣ ለእናቴም አልነገርኳትም።

በመጋቢት ሴቶቹ ቄብ ሆነው፣ ረዳትም ኩኩሉ ለማለት እየሞከረ ድምፁ ሲሰነጠቅ፣ እትዬ አስካለ ሲመሻሽ ደጇ ላይ የተከካ በቆሎ መበተን ጀመረች። ዶሮዎቼ በእንሰቱ አጥር ሾልከው ይሄዱ ነበር፣ በልተው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ግን አልተመለሱም። እናቴ ሄዳ ስትጠይቃት፣ ያቺ ሴት ዓይኗን ሳታሽ መለሰችላት።

«የተባባልነው ሁለቱ ለናንተ፣ የቀረው ለኔ አልነበር? የናንተን ሁለት ጭልፊት በላው። እኔ ምን ላድርግ?»

«እትዬ አስካለ፣ እግዜር አይወደውም!»

«ጭልፊቱን እኔ ላክሁት እንዴ? ሂጂ እሱን ክሰሺ።»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ታላቅ የሆኑት ጋሽ በየነ ምስክር አለ ወይ ብለው ጠየቁ፣ የለም ተባለ። ምልክትስ አሉ። እናቴ በኩራት ወደ እኔ ዞራ «ክሩን አሳዪያቸው» አለችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ በየነ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ዶሮዎቹ ራሳቸው ይፍረዱ» አሉ። «ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱ መሃል እንለቃቸዋለን፣ ሁለታችሁም በየደጃችሁ ሆናችሁ ጥሩ። በፈቃዳቸው የገቡበት ቤት ይወስዳቸዋል።»

ይህን ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለ። አንዴ ባፏጭ እንደሚበሩልኝ አውቅ ነበር።

ያን ምሽት ግን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፣ ልጆቹ አጥር ላይ ወጡ። «ዱዳዋ ልትጠራ ነው! ዱዳዋ ልትጠራ ነው!» እያሉ ሳቁ። ዶሮዎቹ ከቅርጫት ሲለቀቁ እትዬ አስካለ በሳህን በቆሎ እያንኳኳች «ኑ እናቶቼ፣ ኑ የኔ ቆንጆዎች!» አለች። እናቴ ጀርባዬን ገፋ አድርጋ «ጥሪያቸው እንጂ!» አለችኝ። ምላሴን ከጥርሴ አጣበቅሁ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ከንፈሬ ደረቀ፣ ትንሽ አየር ብቻ ወጣች። እናቴ ራሷ «ኩት ኩት» እያለች ብትጣራም በዚያ ጥሪ አልለመዱም ነበር። ረዳት እንደ ልማዱ እየጮኸ መጀመሪያ ሄደ፣ እመቤት መንገዱ ላይ የነበረውን ኩሬ ዞራ ተከተለችው፣ ዘግይታም ከኋላ ሮጠች። ጉርሻ ብቻ ሦስት እርምጃ ወደ እኔ መጣች፣ አንገቷን ጠምዝዛ አየችኝ፣ ጠበቀችኝ። ዝም ስላት ዞረችና ሄደች።

እናቴ አልመታችኝም። ቤት ገብተን በሩን ዘግታ «ለራስሽ እንኳ አፍ የለሽም?» አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለፋሲካ እትዬ አስካለ ረዳትን አሳረደችና፣ እንደ ጉርብትናው ወግ በሳህን ወጥ አድርጋ ላከችልን። እናቴ ሳህኑን ልትመልስ ስትነሳ አባቴ «በዓል ነው፣ ተይ» አላት፣ አባቴ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር። ሁለቱ ሲበሉ እኔ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያቺን ሴት የማደርጋትን ያሰብኩት እዚያ ነው። ቤቷን ማቃጠል አስቤ ነበር፣ ውሃዋ ውስጥ አፈር መጨመር አስቤ ነበር። በመጨረሻ ያገኘሁት ከሁሉም ይበልጥ ጣፋጭ ነበር።

በግንቦት ቄቦቹ እንቁላል ሊጥሉ ሲደርሱ፣ እትዬ አስካለ ጠዋት ዶሮዎቿን ለቅቃ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሙዝ ልትሸጥ ስትወጣ፣ ከአጥሩ ሥር ተጎንብሼ አፏጨሁ። ሦስቱም መጡ። አሮጌ ቡና ግንድ ሥር ደረቅ ቅጠል አንጥፌ ጎጆ ሠራሁላቸው፣ እንቁላል እንዲመስላቸው ብዬ ከአባቴ ያገኘሁትን ነጭ ድንጋይ አስቀመጥኩበት። ከሳምንት በኋላ ጉርሻ የመጀመሪያውን እንቁላል ጣለች፣ እመቤትና ዘግይታም ተከተሏት። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቅጠሉን እየደበደበ፣ በየጠዋቱ እየጠራሁ አስጣልኳቸው። እንቁላሉን ወንዝ ዳር ወስጄ በድንጋይ ላይ አንድ በአንድ እሰብረው ነበር። አንድም አልበላሁም። መብላት ሌብነት፣ መስበር ግን ፍርድ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዱ ሲፈርጥ «ይኼ ለረዳት፣ ይኼ ለእናቴ» እል ነበር፣ ብቻዬን ስሆን አፌ በደንብ ይፈታ ነበር።

እትዬ አስካለ ግራ ገባት። ሽለምጥማጥ ነው ብላ አጥሯን በእሾህ ዘጋች፣ እኔ ከሥር ከፈትኩት። ዓይን በልቷቸዋል ብላ ጠበል አምጥታ ረጨቻቸው፣ እመቤት በጠበሉ ጭቃ ላይ ላለመርገጥ ስትዘል አይቼ በሳቅ ሆዴን ይዤ ወደቅሁ። አንድ ቀን ደጃችን ቆማ ለእናቴ አማረረች።

«ዶሮዎችሽ መካን ናቸው፣ አንድ እንቁላል አላየሁም።»

«የማን ዶሮዎች?» አለች እናቴ።

«እነዚያ ናቸዋ።»

«አሃ፣ አሁን የኔ ሆኑ? ሽማግሌ እንጥራ?»

እናቴ ከስንት ወር በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነበር። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ አባቴን ተጣራች። በሰፈራችን ሴት ዶሮ አታርድም፣ ወንድ የሌለበት ቤት ጎረቤት ይጠራል፣ የተጠራም እምቢ አይልም። አባቴ ቢላውን ስሎ ሲነሳ እናቴ ውሃ አፍልቼ እንድከተለው አዘዘችኝ። ግቢዋ ስንደርስ ጉርሻን ክንፏን ይዛ ቆማ ነበር። ለመያዝ የማታስቸግረው እሷ ነበረች።

«እንቁላል ከማትጥል ወጥ ትሁን» አለች እትዬ አስካለ።

«ቄብ አይደለች? ትንሽ ብትታገሻት» አላት አባቴ።

«ክረምቱን ሙሉ ታገስኳት እኮ! መካን ናት አልኩህ።»

አባቴ ዶሮዋን ተቀብሎ ወደ እኔ አየ። የማን እንደነበረች ያውቅ ነበር። «ብርቄ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ትጥላለች ብል፣ ትናንትም ጥላለች ብል፣ ጉርሻ ትድን ነበር። ግን እትዬ አስካለ ዘዴዬን ታውቅብኝ ነበር፣ ደስታዬም ያልቅ ነበር። ዓይኗ ሥር የክረምቱን ብስጭት አየሁ፣ እሱን ላጣው አልፈለግሁም። ያን ቀን አላፈርኩም፣ አልፈራሁም፣ ቃሉም ምላሴ ላይ ነበር።

«ምንም» አልኩት።

ላባዋን የነጨሁት እኔ ነኝ። ሆዷን የከፈተችው እትዬ አስካለ ናት። መጀመሪያ ቅርፊቱ የደረቀ፣ በማግስቱ የሚጣል እንቁላል ወጣ፣ ከኋላው ከአስኳል አንስቶ እስከ ጤፍ ፍሬ ድረስ እያነሱ የሚሄዱ ብጫ ፍሬዎች በተርታ ተሰክተው ነበር። «ውይ! ይኼ ሁሉ እንቁላል!» ብላ በደም የተነከረ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ቀጥሎ አጥሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። በማግስቱ ሁለቱን የቀሩትን ቆጥ ውስጥ ዘጋችባቸው፣ ከዚያ ወዲያ እንቁላላቸውን በየቀኑ እየለቀመች በላች።

አሁን የምኖረው ዲላ ነው፣ ጓሮዬ ውስጥ ስም የሌላቸው የፈረንጅ ዶሮዎች አሉኝ፣ እንቁላላቸውን ለተማሪዎች እሸጣለሁ። ጨለለቅቱ ስሄድ እትዬ አስካለን አገኛታለሁ፣ አርጅታለች፣ ጉንጬን ስማ «እንዴት ነሽ ልጄ» ትለኛለች፣ እኔም እግዜር ይመስገን እላታለሁ። ይቅር ብያት አይደለም። ያኔ ስሜን ሰምታ እንድትንቀጠቀጥ እመኝ ነበር፣ ዛሬም የበላችው ይተናነቃት ብዬ የማስብበት ቀን አለ። ልዩነቱ አንድ ነው፣ ያኔ የጠላሁት እሷን ብቻ ነበር።