የጋይንት ብርድና የእበት ጋዝ

መንግሥት፣ አንድ ኩባንያና እኛ የዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ ላይ ስንሠራ ከሁሉ የሚበዛው ስብሰባው ነው። ምርምሩ ግን ቀላል ነበር፤ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ በአንዲት እናት ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረን፣ ከእበት የሚወጣው ጋዝ በደጋ ብርድም ምድጃ ያነድድ እንደሆነ እንፈትሽ ነበር። ጋይንት ይሁን ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። አገሬ ነው፤ አላፍርበትም።

ጋዙ ግን አስቸገረን። ጥቂት ቀን ደህና ይሆንና ይወርዳል፤ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይወርዳል። የኩባንያው መሐንዲስ ቁርጡን ነገረኝ።

«ብርዱ ነው። መሣሪያውን ነቅለን ቆላ እንወስደዋለን።»

ይህን መርዶ የምነግረው እኔ ሆንኩ። እኒያ እናት ከኩበት ጭስ ተገላገልኩ ብለው መርቀውኝ ነበር። ከምን እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ደረስኩ።

ደጃፋቸው ላይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ አገኘኋቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ቤት ውስጥ የነፍስ አባታቸው ለዝክር ተቀምጠዋል። እበቱ ግን በረት ውስጥ እንዳለ አለ።

«እማማ፣ ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ እበት አልጨመሩም?»

«ምነው ልጄ! በሚካኤል እበት ላቡካ?»

«በየቀኑ ብለን ነበር እኮ።»

«በየሥራ ቀኑ አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅም!» አሉ በኩራት።

በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በሰንበት፣ ጉድጓዱ ለካ ጦሙን ነበር የሚውለው! አብሮን የሚሠራው የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ እዚሁ ያደገ ነው፤ እኔም እንደዚያው። በበዓል ሥራ እንደማይሠራ ከልጅነታችን ስለለመድነው፣ ማናችንም «በበዓልስ?» ብለን አልጠየቅንም። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ቄሱ ነገሩን ሰምተው ወጡ። ጉድጓዱን ትንሽ አየት አደረጉት።

«ውስጡ ነፍስ አለው?»

«አለው፣ አባ። በዓይን አይታይም እንጂ እበቱን እየበላ ጋዝ የሚሰጠን እሱ ነው።»

«እንግዲያው እንደ ከብት ነው። ላሚቱ በሚካኤል ድርቆሽ ተከልክላ ታውቃለች? ያብሉት፣ ምንም የለበትም።»

መርዶዬን ዋጥኩትና ዝክሩን በልቼ ሄድኩ። መሐንዲሱን ለምኜ ጥቂት ሳምንታት አገኘሁ። እማማ በበዓልም ማብላት ጀመሩ፤ የጋዙ መለኪያ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ወጣ፤ ውርጭ በወረደባቸው ሌሊቶች እንኳ ዝቅ አላለም። መሐንዲሱ ደውሎ «በቃ፣ ጋይንት ይቆያል» ሲለኝ እፎይ ብዬ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ቅልል ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ሄጄ፣ «እማማ፣ እንግዲህ አይነቀልም» አልኳቸው።

ድስታቸውን ከምድጃው አውርደው ዞሩ።

«ሊነቀል ነበር እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይህን በሆድሽ ይዘሽ ነው ያን ለት ዝክሬን በልተሽ የሄድሽ? ደግሞ ከማን ጓሮ ነው የሚነቅል? ይምጣና ይንቀላ እስቲ!»

የወንበራቸውን አቧራ ጠርገው እንድቀመጥ እየጠቆሙኝ እንኳ ቁጣቸው አልበረደም። እኔ በሳቅ ፈረስኩ።