አማቴ ወርቄን ያጠቡልኝ ጊዜ

የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም መሰብሰብ እንዲህ የሚያበግን ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም። እኔ የምወደው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩትን፣ ላባ የደፋ የቀይ ሕንዶች አለቃ ምስል ያለባቸውን ትንንሾቹን ነው። ምስሉ እንደ ሌላ ሳንቲም ወደ ውጭ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ስለዚህ የስንቱ ሰው የእጅ እድፍ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠቁራል። የሚከበረውም ያ ጥቁረት ነው፤ የሳንቲም መርማሪዎች ማንም አጥቦ እንዳላበላሸው የሚያውቁት በእሱ ነው።

በከባድ መኪና ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር እየጎተትኩ በማገኘው ገንዘብ ስድስት ሰብስቤአለሁ። ምርጡን ሳን ሆዜ ወስጄ ግሬድ ላስደርገው፣ የጥራት ደረጃ ላሰጠው ቆረጥኩና በትንሽ ፖስታ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ፖስታውን ሳልከፍት ይዤ ሄድኩ።

መርማሪው በማጉያ መነጽር አየው፣ ወደ መብራቱ አዘንብሎ ደግሞ አየው። "ይሄ ታጥቧል" አለኝ። የታጠበ ሳንቲም ሙሉ ግሬድ አያገኝም፤ ተበላሸ ማለት ነው። ማንም አላጠበውም ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት ፖስታው ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ።

እስከ ሰፈሬ እስከ ፍሩትቬል ድረስ መሪውን እየደበደብኩ ነዳሁ። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ናቸው፤ ሌላ ማን ይሆናል? በእሳቸው ዘንድ ወርቅ ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት ይታጠባል። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

"እሺ፣ ምን አሉህ?" አሉኝ ገና ከበር ስገባ።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት ያጠቡት?"

"ታዲያ ማን ይጠብልህ? እንደዚያ ጠቁሮ ፈረንጅ ፊት ልታቀርበው? በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ፣ በጥርስ ብሩሽ ገባ ገባ አድርጌ ፈተግኩልህ። ወገቤ እስኪቆረጥ።"

መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። ይሉኝታ ያዘኝ። "በጣም ወደዱት፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ፊታቸው በራ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡ። "እንግዲያው የቀሩትንም አምጣቸው፤ ለምን ቆሽሸው ይቀመጣሉ?"

ወደ መኝታ ቤት ገብቼ የሳንቲሞቹን ሣጥን ከፈትኩ። ሁሉንም ብደብቅ እማማ ነገሩ ይገባቸዋል፤ ሁሉንም ባወጣቸው አለቅኩ። ከአምስቱ በጣም የማይረባውን መረጥኩና ይዤ ወጣሁ፤ አጠገባቸው ቆሜም ሎሚውን ጨመቅኩላቸው።