የሚያማችሁን እንጂ ስም አትንገሩኝ

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ ቆይቶ ነበር። ሞተ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ እንደማይመለስ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ጠላ እየጠመቅሁ እየሸጥኩ ጥቂት ከራረምኩ። ገብሱ ሲጠፋ፣ የፈረንጅ መነኮሳት ወላጅ ያጡ ሴቶች ልጆችን ወደሚያሳድጉበት ቤት ሄጄ ተቀጠርኩ። ጎረቤቶቼ ነቀፉኝ። እኔም ራሴን ሳልነቅፍ አልቀረሁም፤ ነገር ግን ርቦኝ ነበር።

ሥራዬ ልጆቹን ማጠብ፣ ቅማላቸውን መልቀምና ጸጉራቸውን መሥራት ነበር። ከየገጠሩ የተሰበሰቡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ቤታቸው የተቃጠለባቸው። ቀን የፈረንጅ ፊደልና ስፌት ይማራሉ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ሲቀርብላቸው ሳህኑን ይገፋሉ። ይጣላሉ፣ ይነካከሳሉ፣ ትልልቆቹም ሳይቀሩ መኝታቸው ላይ ይሸናሉ። ኃላፊዋ መነኩሲት ክፉ ሴት አልነበረችም። የምታውቀው አማርኛ ግን ጥቂት ስለነበር፣ አንዲት ልጅ ስታለቅስ "ዝም በል" ከማለት በቀር ሌላ አልነበራትም።

ጸጉር ስሠራ ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጉልበቴ መካከል ትቀመጣለች። ፊቴን አታይም፣ እኔም ፊቷን አላይም። ለዚህ ይመስለኛል የሚያወሩት። አንዷ ስለ ጥጃዋ ትጀምርና ሳታስበው እናቷ ስለሞተችበት ቀን ትነግረኛለች። ምን ይመለስላታል? "እህ" እላለሁ፤ ጣቴ መጎንጎኑን ይቀጥላል።

መነኩሲቷ ከእኔ ዘንድ የሚመለሱት ልጆች ረጋ እንደሚሉ አየች። አንድ ቀን ለጣልያን ሹሞች የሚያስተረጉመውን ሰው ይዛ መጣችና "ከእንግዲህ የልጆቹ መካሪ አንቺ ነሽ፤ ያስቸገረችንን ሁሉ ወደ አንቺ እንልካለን" አስባለችው። ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ መካሪ ሽማግሌ ነው፣ ወይም የነፍስ አባት። እኔ ጠላ ሻጭ ነኝ። ቢሆንም ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር በርጩማ ተሰጠኝና ከምሳ በኋላ ተራ በተራ ይመጡ ጀመር።

እንደዚያ ሥራ የሚያደክም ሥራ አላየሁም። እንጨት ተሸክሜ አውቃለሁ፣ ወፍጮ ፈጭቼ አውቃለሁ፤ እንጨቱን ሲያወርዱት ይቀላል። ልጆቹ የነገሩኝን ግን የማወርድበት አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ስሄድ ሰው ሰላም ሲለኝ መመለስ ያቅተኝ ነበር።

ከልጆቹ መካከል ከይጁቤ አካባቢ የመጣች አንዲት ነበረች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አትናገርም። ቆይታ መብላትም ተወች። መነኩሲቷ በየቀኑ እየመጣች "ልጅ በላ?" ትለኛለች፤ እኔ አልበላችም ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። ልጅቱን ምንም አልጠየቅኋትም። ጸጉሯን እፈታለሁ፣ እሠራለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ እፈታለሁ። ጸጉሯ እስኪሳሳ ድረስ እንዲህ ስንኖር፣ አንድ ቀን ድንገት ተናገረች።

"እትዬ፣ አፌን ከከፈትኩት ያመልጠኛል።"

"ምኑ ነው የሚያመልጥሽ?"

"ወንድሜ ዱር ገብቷል። ያለበትን አውቃለሁ።"

የአርበኛ ወንድሟን ምስጢር ስትጠብቅ፣ እህል እንኳ እንዳይገባበት አድርጋ አፏን ዘግታው ኖሯል። "የት እንደሆነ አትንገሪኝ" አልኳት። "እኔ ማወቅ አልፈልግም። አንቺ ግን ጎበዝ ጠባቂ ነሽ። ጠባቂ ደግሞ ካልበላ ይወድቃል።" በዚያው ቀን ግማሽ ዳቦ በላች።

ብዙም ሳይቆይ አስተርጓሚው ቢሮው ድረስ አስጠራኝ።

"ልጆቹ ምን ይነግሩሻል?"

"ሆዳችንን አመመን ይላሉ፣ ጌታዬ። ቅማል በላን ይላሉ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ዱር የገባ ዘመድ ያላት የትኛዋ ናት?"

"እኔ ዘንድ ለጸጉር ነው የሚመጡት።"

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቅል አቡጀዲ ጨርቅ አወጣና እቅፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "አስቢበት" አለኝ። ጨርቁን መልሼ ለመስጠት ፈራሁ። ይዤ ስወጣ፣ ከልጆቹ ሁሉ ትልቋ፣ እሳት የሆነችው ኮረዳ፣ በሩ ላይ ውኃ ይዛ ቆማለች። አቡጀዲውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች።

ያየችውን ለሌሎቹ ነግራቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ ከጽዱ ሥር የመጣች ሁሉ ዝም አለች። ይቀመጣሉ፣ ጸጉራቸው ይሠራል፣ ይነሳሉ። የይጁቤዋ ልጅም እንደገና ምግቧን ገፋች። ለአንዷ ለብቻዋ ባስረዳት ሌላዋ አታምነኝም። ሁሉም በአንድ ላይ ካልሰሙኝ እንደማይሆን ገባኝ።

ልብስ ለማጠብ ወንዝ በወረድን ቀን ልብሱን ካሰጡ በኋላ ሰበሰብኳቸው። አቡጀዲውን ድንጋዩ ላይ ዘረጋሁት።

"ይህን የሰጠኝ አስተርጓሚው ነው" አልኳቸው። "ዱር የገባ ዘመድ ያላት የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀኝ።"

ኮረዳዋ ብቻ ቀና ብላ "ታዲያ ምን ብለው መለሱለት?" አለችኝ።

"ቅማል በላን ይላሉ አልኩት።"

አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ተከተሏት። ኮረዳዋ ግን አልሳቀችም።

"ነገ ቢገርፉዎትስ?"

ለዚህ ጥያቄ ውሸት መመለስ አልቻልኩም። "አላውቅም" አልኳት። "ተገርፌ አላውቅም፤ እችለው ይሆን አይሆን አላውቀውም። ስለዚህ ስም አትንገሩኝ። የሰውም የቦታም ስም አትንገሩኝ። የሚያማችሁን ብቻ ንገሩኝ። እርስ በርሳችሁም እንደዚሁ አድርጉ።"

ኮረዳዋ መቀስ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አቡጀዲውን እዚያው ቀዳደድነውና የወር አበባ ለሚመጣባቸው ልጆች ከፋፈልነው። ትልልቆቹ በዚህ ነገር ሲሳቀቁ እንደኖሩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ከጽዱ ሥር ተራ ይዘው ጠበቁኝ። "አንድ ሰው ናፈቀኝ" ትላለች አንዷ። "አንድ ቤት ነበር" ትላለች ሌላዋ። ስም የለውም፤ ሕመሙ ግን ሙሉ ነበር። ኮረዳዋ ራሷ የትንንሾቹን ጸጉር መሥራት ጀመረች፤ ከበርጩማዬ ራቅ ብላ ተቀምጣ "እህ" ስትል እሰማት ነበር። እሷ ያን ሥራ ባትካፈለኝ ኖሮ እስከ ክረምቱ መውጫ የምዘልቅ አይመስለኝም።

የይጁቤዋ ልጅ እየበላች ሄደች። መስከረም ላይ አክስቷ መጥታ ወሰደቻት። ስትሄድ ጉልበቴን ሳመች። ወንድሟ ይትረፍ አይትረፍ ዛሬም አላውቅም።

አስተርጓሚው ሁለተኛ ጠርቶኝ ያንኑ የቅማል ወሬ ስነግረው ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳልቆይ ከሥራው አስወጡኝ። መነኩሲቷ በር ድረስ ሸኘችኝ፤ ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር ነበር፤ አማርኛው አልመጣላትም። እጄን ይዛ ቆይታ ለቀቀችኝ።

ሉማሜ ከምትኖረው እህቴ ዘንድ ገባሁ። ለብዙ ቀን ተኛሁ፤ እህቴ የታመምኩ መስሏት ጸበል አመጣችልኝ። አልታመምኩም፤ ደክሞኝ ነበር። በመጨረሻ ተነስቼ ደጅ ስቀመጥ አንዲት ጎረቤት መጣች። ምራቷ ልጇ ከሞተባት ወዲህ ከሰው ጋር እንደማትነጋገር፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ ሰው አረጋጋ እንደነበር መስማቷን ነገረችኝ።

"ዛሬ አልችልም" አልኳት።

እውነቴን ነበር፤ አልችልም ነበር። ሴትዮዋ ግን አልሄደችም፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆመች። "እንግዲያው ምራትሽ ነገ ትምጣ" አልኳት። "ምንም እንድትናገር አታስገድዷት። ማበጠሪያ ብቻ ይዛ ትምጣ።"