በሁዳዴ የተሰካው ፍሪጅ

እናቴ ሁዳዴ ሲገባ ፍሪጃችንን ትነቅለው ነበር። ቅበላው አልቆ ወተቱም ቅቤውም ሥጋውም ከቤት ሲወጣ፣ ሰኞ ጠዋት ሶኬቱን ነቅላ በረዶው እስኪቀልጥ ከሥሩ ጨርቅ ታነጥፋለች። ከዚያ በሳሙናና በሎሚ ታጥበውና ሽታ እንዳይዝ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። እስከ ፋሲካ ዋዜማ የሽንኩርትና የድንች ማስቀመጫ ይሆናል።

"ባዶ ሣጥን ለማቀዝቀዝ መብራት አልከፍልም" ትል ነበር። እውነቷን ነው። ቤታችን ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ስለሆነ ለምስር ወጥ የማታው ብርድ ይበቃዋል።

አባቴ ካረፈ በኋላ የመብራት ካርድ ማስሞላት የኔ ድርሻ ሆነ። ጳውሎስ አካባቢ ካለው ፋርማሲ ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ አስሞልቼ እገባለሁ። ፍሪጁ አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ከላዩ የደረደርናቸው ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። በሌላው ጊዜ ካርዱ አሁን ሞላሁት ስል ያልቃል። በሁዳዴ ግን እፎይ እላለሁ። ቤቱም ጸጥ ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ አንድ ባለሱቅ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ሚስቱ ከኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ሳቂታ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። እናቴን "እማማ" ነው የምትላት። ጾሙ ሊገባ ሲል መብራት ሄደና ሲመለስ በኃይል መጥቶ የነሱን ፍሪጅ አቃጠለው። ጠጋኙ ሞተሩ እንደሄደ ነገራቸው። ሱቁም ገበያ ቀዝቅዞበት ስለነበር ቶሎ ሌላ መግዛት አልቻሉም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴን አጥሩ ጥግ ቆማ አገኘኋት። ጎረቤታችን በወዲያ በኩል የተበላሸ ወተት ቦዩ ውስጥ እየደፋች ነበር።

"ለማፍጠሪያ ብዬ የገዛሁት ነው፣ እማማ" አለቻት። "ትናንትም እንዲሁ ደፋሁ።"

"ታዲያ እኛ ቤት አታመጪውም?"

"የእርስዎ ተነቅሎ የለ እንዴ? ከውስጡ ሽንኩርት ሲያወጡ አይቻለሁ።"

"የተነቀለማ ይሰካል" አለች እናቴ።

ቤት ከገባን በኋላ ቅር እንዳለኝ አልደበቅኳትም። "እማዬ፣ ለሰው ወተት ብለን ጾሙን ሙሉ ልናሠራው ነው? ካርዱን እኮ የማስሞላው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ወተት ሲደፋ ቆሜ አላይም። ይልቅ ነይ አግዢኝ።"

እንዳግዛት የፈለገችው ለማጠብ ነበር። ታጥቧል ብላት አልሰማችኝም። "የኛ ሥጋ የነበረበት ነው። የነሱን ምግብ ልናስገባበት አይደል? ደግመን እንጠበው" አለችኝ። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አውጥተን ግቢ ውስጥ ስንፈትግ ጎረቤታችን መጣች። ለምን እንደምናጥብ አልጠየቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ አጠገባችን ቁጢጥ አለችና ማጠብ ጀመረች።

እሷም ብትሆን ያን ወር ሙሉ አንዲት ቁራጭ ሥጋ አላመጣችም። ወተት፣ የማንጎ ጁስና በጠርሙስ የተሞላ ውሃ ብቻ ነበር የምታስቀምጠው። እናቴ ሥጋውን የት እንደምታደርገው ስትጠይቃት፣ "የዕለት የዕለቱን ነው የምንገዛው። እርስዎ እየጾሙ ፍሪጅዎን ሲከፍቱ ሥጋ ይታይዎት እንዴ?" አለቻት።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጠርሙሶቿን ልትወስድ ትመጣለች። ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ሳምቡሳዋን ምስር ትከትበትና ትኩስ ትኩሱን በሳህን ታመጣልናለች፤ ምስርና ዘይት ስለሆነ ለኛም የጾም ነው። እናቴ ድሮ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር የምትበላው። አንድ ቀን ሥራ ሳልገባ ቀርቼ ምግብ ሳቀርብላት "ቆይ፣ እሷ ትምጣ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከታች ካለው መስጊድ አዛን እስኪሰማ መጠበቅ ለመደች። ጎረቤታችን በራፋችን ላይ ቆማ ውሃዋን ትጎነጫለች፣ እናቴ ሳምቡሳዋን ትቆርሳለች፣ ከዚያ ልጆቿ ሲጠሯት እየሮጠች ትሄዳለች።

አንድ ምሽት እንዲህ ቆመው እያወሩ ድንገት ቤታችን ጨለመ። ፍሪጁም ቆመ። ጎረቤታችን ወደ ቤቷ ዞር ብላ ብታይ የነሱ መብራት በርቷል።

"ካርዳችሁ ነው ያለቀው" አለች። እናቴ ነገሩን ልትሸፋፍን ሞከረች፤ እኔም ነገ አስሞላዋለሁ አልኩ። እሷ ግን ቆጣሪው ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ አንስታ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ባሏ አስሞልቶት መጣ።

እናቴ ተቆጣች። "ቤቴ የመጣ ሰው ያስከፈልኩት መቼ ነው?" አለቻት።

"እማማ፣ እምቢ ካሉኝ ነገ ወተቴን አወጣለሁ።"

"አታወጪም!"

"እንግዲያው ያስከፍሉኝ።"

ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። እኔና ባሏ ቆመን እናያቸዋለን። በመጨረሻ እናቴ "ግማሽ በግማሽ" አለችና ሳቋ መጣባት። በዚያው ተስማሙ፤ አንዴ እኔ፣ አንዴ ባሏ እያስሞላን ወሩ አለቀ። በኢድ ማግስት አዲስ ፍሪጅ ገዙ፤ እናቴም የኛን ነቀለችው።

በዓመቱ ረመዳን ሲገባ ጎረቤታችን አንድ ጆግ ጁስ ይዛ ብቅ አለች።

"የኛ ሞልቶብኝ ነው፣ እማማ" አለች፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ። ያን ትልቅ ፍሪጅ ምን እንደሞላው እግዜር ይወቅ። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ሰካችው። በዚያ ዓመት አሮጌው ፍሪጃችን ወሩን ሙሉ ብርጭቆ እያንቀጫቀጠ ለአንድ ጆግ ጁስ ሠራ። ካርዱን ሳስሞላ አንድም ቀን አልከፋኝም። ማታ ማታ ከሁለቱ ጋር በራፉ ላይ ለመቆም ብዬ ከሥራ እየሮጥኩ እመጣ ነበር።

ከዚያ ባልየው ሱቁን ሸጦ ከተማው ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የሄዱ ቀን እናቴ አብራቸው ዕቃ ስትጭን ዋለች። አሁን በዚያ ቤት ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ፤ ጨዋ ናቸው፣ ሰላምታ እንለዋወጣለን።

ዘንድሮም ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው ገቡ። እናቴ ፍሪጁን ነቅላ፣ አጥባ፣ ሽንኩርቷን ደረደረችበት። ምግቧን ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አትበላም። አዛን ሲሰማ ስልኳን ታነሳና ለቀድሞዋ ጎረቤታችን ትደውላለች።

"አፈጠርሽ?" ትላታለች፣ ቃሉን ከእሷው እንደለመደችው። ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይሰማል። እናቴ የሚሏትን ሁሉ ሰምታ፣ ልጆቹን በየተራ ጠይቃ፣ ስልኩን ስትዘጋ ወጡ ቀዝቅዞ ይጠብቃታል። ላሙቅልሽ ስላት፣ "ተይው፣ እንዲሁ ይጣፍጠኛል" ትለኛለች።