ሊቀመንበሩ ካሴቷን የነፉባት ቀን

ዛሬ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበሩትን ጋሽ ተሾመን አገኘኋቸው። ሰላምታው ሳያልቅ "ያቺ ጌም አለች?" አሉኝ።

ያኔ አንኮበር አስተማሪ ነበርኩ። መርከበኛው ወንድሜ በእጅ የምትያዝ ጌም ከውጭ ይዞልኝ መጣ። ትንሿን ካሴት ስትከቱባት ጨዋታው ይነሳል።

አንድ ቀን የእርከን ሥራ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ስጫወት ጋሽ ተሾመ ያዙኝ።

"በዚህ ከማን ጋር ነው የምትገናኚው?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ጨዋታ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እስቲ አስነሺው።"

አልነሳ አለ። ካሴቷን አወጣሁ፣ ነፋሁባት፣ መልሼ ከተትኳት። ወይ ፍንክች። (እስር ቤት ስንቅ ማን እንደሚያመላልስልኝ ማሰብ ጀምሬ ነበር።)

"አምጪው" አሉና ካሴቷን አውጥተው መፈክር በሚያሰሙበት ሳንባቸው ነፉባት። መልሰው ሲከቷት ጨዋታው ተነሳ።

ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች እንዴት እንደሚደረድሩ አሳየኋቸው። ተቀመጡ። ሕዝቡም ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

ባትሪው ሲያልቅ ቀና አሉና "አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብለው በተኑን። ምን እንዳጸደቅን እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናንተንስ ጌም ምን ጣጣ ውስጥ ከቷችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።